የሳውዝ ዳኮታ አንድ ወንበር፦ ይበቃል ወይስ ያፍናል?

ሳውዝ ዳኮታ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ግዛት ሁለት ሴናተሮች አሏት። በተወካዮች ምክር ቤት ግን ከ1983 ጀምሮ ያላት አንድ ወንበር ብቻ ነው። ግዛቷ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት ማለት ነው። ይህ ለመራጩ ይበጃል ወይስ ይጎዳል? በዚህ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። አንደኛው በሱ ፎልስ ከተማ ብዙ ዘመን የኖሩ አባት ናቸው። ሌላዋ ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ የአሜሪካን ምርጫ በቅርብ ትከታተላለች። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሱ ፎልሱ፦

አንድ ወንበር አንሶናል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የምፈርደው በታሪኩ ነው። ታሪኩ ደግሞ ከእነሱ ጋር አይደለም።

ቀድሞ ሳውዝ ዳኮታ ሁለት ወንበር ነበራት። ሚዙሪ ወንዝ ግዛቷን መሃል ለመሃል ይከፍላታል። ከወንዙ ምሥራቅ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ከወንዙ ምዕራብ ከብት ነው። በጥቅሉ ምሥራቁ አንድ ሰው ይልክ ነበር፣ ምዕራቡም አንድ። የ1980 የሕዝብ ቆጠራ ሲወጣ የሌላው አገር ሕዝብ ይበልጥ አድጎ ተገኘና አንዱ ወንበር ተወሰደ። በሥራ ላይ የነበሩት ሁለቱ እንደራሴዎች በ1982 ለአንድ ወንበር ተፋጠጡ። ከምሥራቅ ዴሞክራቱ ቶም ዳሽል፣ ከምዕራብ ሪፐብሊካኑ ክሊንት ሮበርትስ። ዳሽል ገና ወጣት ነው። በ1978 መጀመሪያ ሲመረጥ ያሸነፈው 150 በማይሞላ ድምፅ ነበር። ዘመኑ ለገበሬ ክፉ ነው። የባንክ ወለድ ሰማይ ነክቷል፣ እህል ዋጋ አጥቷል፣ መሬቱን አስይዞ የተበደረ ሁሉ እንቅልፍ የለውም። ዳሽል ይህን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። 52 ለ48 ገደማ አሸነፈ።

እሱ በ1986 ወደ ሴኔት ሲያልፍ ሌላ ዴሞክራት ተተካ፤ ቲም ጆንሰን። አሥር ዓመት ቆየ። ልብ በሉ፣ ይህች ግዛት ከ1964 ወዲህ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት መርጣ አታውቅም። በ1972 የገዛ ልጇ ጆርጅ መክገቨርን ሲወዳደር እንኳ ፊቷን አዙራበታለች። ያው ሕዝብ ነው ከ1983 እስከ 2011 ካሉት 28 ዓመታት ውስጥ ከ20 በላዩን ዴሞክራት ወደ ምክር ቤቱ የላከው።

ለምን ቢባል፣ ወንበሩ አንድ ስለሆነ ነው። ተወዳዳሪው ሰፈር አይመርጥም። የሱ ፎልሱንም የራፒድ ሲቲውንም፣ ከብት አርቢውንም መምህሩንም ደጅ መጥናት አለበት። በአናቱ ደግሞ ካርታውን ማንም አይቆራርጠውም። በሌላው ግዛት ፖለቲከኞቹ ተሰብስበው መራጫቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። እዚህ ግን የግዛቱ ድንበር ራሱ የምርጫው ድንበር ነው። ማን ያንቀሳቅሰዋል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ፣ የነገሩን ታሪክ ደስ ይላል። ችግሩ 2010 ላይ ቀጥ ማለቱ ነው።

ቀሪውን እኔ ልጨምርበት። በ2010 ሪፐብሊካኗ ክሪስቲ ኖም ገባች። ስምንት ዓመት ቆይታ የግዛቷ ገዥ ሆነች፤ በ2025 ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር። በ2018 ደስቲ ጆንሰን ተመረጠ። በ2020 ዴሞክራቶች ለዚህ ወንበር እጩ አላቀረቡም። በ2022ም አላቀረቡም። መራጩ ወረቀቱን ሲገልጥ ያገኘው አንድ ሪፐብሊካንና ሊበርታሪያን ከተባለው ትንሽ ፓርቲ አንድ ሰው ነው። ጆንሰን መጀመሪያ 81 በመቶ፣ ቀጥሎ 77 በመቶ አፈሰ። በ2024 እንደ ምንም አንዲት ዴሞክራት ተገኘች፤ 72 ለ28 ተሸነፈች። ይህ ፉክክር ከተባለ እኔም ማራቶን ሯጭ ነኝ።

ያ 28 በመቶ ከአራት መራጭ ከአንድ በላይ ነው። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ግን በምክር ቤቱ የሚናገርለት ሰው የለም፣ ከናካቴው። ከሕዝቡ 9 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ላኮታና ዳኮታ። በ2002 ቲም ጆንሰን የሴኔት ወንበሩን በ524 ድምፅ ብቻ ሲያተርፍ፣ ያተረፈው ዘግይቶ የገባው የፓይን ሪጅ፣ የላኮታዎቹ መኖሪያ፣ አካባቢ ቆጠራ ነው። ዛሬ ልዩነቱ 40 ነጥብ ሲያልፍ ያ ድምፅ ከቁብ አይገባም። አገር ቤት እንኳ ሕገ መንግሥቱ ከምክር ቤቱ መቀመጫዎች ቢያንስ 20 ለአናሳ ብሔረሰቦች ያስቀምጣል።

ሌላም አለ። ሮድ አይላንድ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዛ ሁለት እንደራሴ አላት። ሳውዝ ዳኮታ በ2020 ቆጠራ 886,667 ሰው ይዛ አንድ። እዚያ አንዱ እንደራሴ ለ550 ሺህ ሰው ይቆማል፣ የእርስዎ ግን ለ887 ሺህ ሊጠጋ። ጣጣው የምክር ቤቱ ወንበር በ435 መገደቡ ነው። ቁጥሩ የተቆረጠው አሜሪካ 92 ሚሊዮን ሕዝብ በነበራት ጊዜ ነው። አሁን ከ330 ሚሊዮን አልፋለች። ወንበሩ ግን ያው።

የሱ ፎልሱ፦

ልጄ፣ አገር ቤትን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። እኔም ልቀጥልበት። በ2007 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ምክር ቤቱ 547 ወንበር ነበረው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ስንቱን ወሰዱት? ሁሉንም። የወንበር ብዛት ብቻውን ልዩ ድምፅ አያመጣም።

እሱ ሩቅ ነው ካልሽ ሞንታናን ተመልከቺ። 30 ዓመት በአንድ ወንበር ኖራ በ2022 ምርጫ ሁለተኛውን መልሳ አገኘች። ሁለቱንም ሪፐብሊካኖች ወሰዷቸው። በ2024ም እንደዚያው። ለእኛ ነገ ሁለት ቢሰጡን፣ ምሥራቁም ምዕራቡም ሪፐብሊካን ይልካል። ያው ነው፣ ደመወዙ ብቻ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ የአንድ ወንበርን ጉልበት ላሳይሽ። ቢል ጃንክሎውን ታስታውሻለሽ? አራት ጊዜ ገዥ ሆኖ ተመርጦ 16 ዓመት ያስተዳደረ ሰው ነው። በዚህ ግዛት ከሱ የገነነ ስም አልነበረም። በ2002 ስቴፈኒ ኸርሴት የምትባለውን ወጣት ዴሞክራት አሸንፎ ወንበሩን ያዘ። በነሐሴ 2003 ትሬንት በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ መኪናውን ያከንፋል። ግራ ቀኙ እርሻ ብቻ የሆነ መስቀለኛ መንገድ ነው። ስቶፕ ሳይኑን ጥሶ ገባ። በሌላው መንገድ የሚመጣ ሞተር ሳይክል ነጂ መትቶት ሞተ። ጃንክሎው በችሎቱ የስኳር ሕመም አለብኝ፣ ስኳሬ ወርዶ ነው ብሎ ተከራከረ። የአገሩ ዳኞች፣ ገበሬውና ነጋዴው፣ አልተቀበሉትም። በታኅሣሥ ጥፋተኛ ተባለ። ጥር ላይ ወንበሩን ለቀቀ። 100 ቀን እስር ተፈረደበት።

እና ምን ሆነ? በሰኔ 2004 መጀመሪያ ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ኸርሴት ሪፐብሊካኑን ላሪ ዲድሪክን 51 ለ49 ገደማ አሸነፈች። ልዩነቱ 3,000 ድምፅ አካባቢ ነው። አምስት ወር ቆይቶ ኅዳር ላይ እነዚያው ሁለቱ ደግመው ገጠሙ፤ አሁንም እሷ። በዚያው ቀን ያው መራጭ ዳሽልን ከሴኔት አውርዶ ጆን ቱንን ሰቀለ። ዳሽልም ቱንም የዚህች አንድ ወንበር ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም በየጊዜያቸው የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆነዋል። በአንድ ወረቀት ላይ ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም የሚመርጥ ሕዝብ እንዲህ ነው። ሰው እንጂ ፓርቲ አያይም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አያይም ነበር፣ ጋሼ። ነበር!

ኸርሴትን እርስዎ ካነሱልኝ አልለቃትም። በ2006ና በ2008 ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ አግኝታለች። አያቷ የግዛቷ ገዥ ነበሩ። በገጠሩ ሁሉ የምትታወቅ ሰው ናት። የኦባማ የጤና መድን ሕግ ለድምፅ ሲቀርብ የገዛ ፓርቲዋን ትታ አይሆንም ብላለች። እርስዎ እንደሚሉት ግዛቷን ሁሉ ደጅ ጠንታለች። በ2010 ምን ጠቀማት? ኖም 48፣ እሷ 46፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ 6። ኖም ደግሞ በዚያ ምርጫ የምትታማው በፍጥነት መንዳት ነበር፣ የቅጣት ወረቀቷ ብዛት መነጋገሪያ ሆኖ። ከጃንክሎው በኋላ መራጩ በዚህ ይቀየማል ብለው ዴሞክራቶቹ ጠብቀው ነበር። አልተቀየመም። ሰው ሳይሆን ፓርቲ ማየት የጀመረው ያኔ ነው።

ሞንታናንም ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። በ2022 በምዕራቡ ወረዳ ራያን ዚንኪ ያሸነፈው በሦስት ነጥብ ገደማ ነው። ተሸናፊዋ ሞኒካ ትራኔል አስጨንቃዋለች። በሦስት ነጥብ ያሸነፈ ሰው ስልክ ያነሳል። በ44 ነጥብ ያሸነፈ ለምን ያነሳል?

ዋናው ግን ይህ ነው። በሳውዝ ዳኮታ እውነተኛው ምርጫ ኅዳር ላይ አይደለም፣ ሰኔ ላይ ነው፤ በሪፐብሊካን ፕራይመሪ፣ ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ። ደስቲ ጆንሰን በ2018 ሦስት ሆነው ተወዳድረው በ47 በመቶ ገደማ አለፈ። ወንበሩ የተያዘው በዚያ ሌሊት ነው። በዚያ ፕራይመሪ መምረጥ የሚችለው ደግሞ በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ዴሞክራቱም፣ ፓርቲ የሌለውም ከደጅ ቆሞ ያያል። ከ2018 ወዲህ ሳውዝ ዳኮታ እንደራሴዋን የምትመርጠው በግማሽ ሕዝብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የሱ ፎልሱ፦

ይህ ነጥብ ይሻላል። ግን መልስ አለው።

በ2024 ይህንኑ ለመቀየር ሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ሁሉም በአንድ ፕራይመሪ ይወዳደር፣ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ይለፉ የሚል። ሕዝቡ ከሦስት ሁለት እጁ እምቢ አለ። አንቺ ታፈንክ የምትዪው ሰው ራሱ አልታፈንኩም ካለ ምን ይደረጋል?

ደግሞ በሩ እንደምትዪው የተከረቸመ አይደለም። ምዝገባ መቀየር አንድ ቅጽ መሙላት ነው። በከተማዬ ካሉት አበሾች ውስጥ ይህን ያደረጉ አውቃለሁ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ልቤ ከማን ጋር እንደሆነ ለእግዜር ትቼዋለሁ። ድምፄ ግን ሰኔ ላይ ከገባ ይቆጠራል። እዚህ የምንኖረው ብዙዎቻችን በሥጋ ፋብሪካው በኩል ያለፍን ነን። በ2020 ጸደይ ኮሮና ፋብሪካውን ሲያናውጠው፣ የጤና ባለሙያዎች ሠራተኛው ከሚናገራቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች መካከል አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ጽፈው ነበር። ያኔ ለኮንግረስ ሰው አቤት ለማለት የሚደወለው አንድ ቢሮ ነው። የኔ ነህ፣ የሷ ነህ መባባል የለም። ብዙ ሠፈር፣ ብዙ እንደራሴ ባለበት እኮ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋሻል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔን ክርክር እርስዎ ጨረሱልኝ። ድምፁ እንዲቆጠር ሰው ፓርቲውን ጥሎ በሌላ ፓርቲ ስም መመዝገብ ካለበት፣ ያ ወንበር የግዛቱ መሆኑ ቀርቷል። በምዝገባ ሪፐብሊካኑ ዴሞክራቱን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል ይባላል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደ እርስዎ ያለ እንደሆነ ማን ያውቃል? ዴሞክራቶቹስ ቁጥራቸው በየዓመቱ ሲሳሳ እያዩ እጩ ለማቅረብ ምን ያተጋቸዋል?

ደስቲ ጆንሰን በ2025 ለገዥነት እወዳደራለሁ ብሏል። ስለዚህ ለ2026 ወንበሩ ክፍት ነው። ለየትኛው ፕራይመሪ ነው የሚሰለፉት?

የሱ ፎልሱ፦

ቆጠራ ላለበት ነዋ! አንቺ በሜሪላንድ ስምንት እንደራሴ አሏችሁ፣ ሰባቱ የአንድ ፓርቲ። እዚያ ያለ ሪፐብሊካን ጎረቤትሽ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂልኝ።