ትል አዳኙን አትፍጁት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሯችሁ ጎመን፣ ቃሪያና ድንች የምታለሙ ወገኖች፣ ጀርባው ጋሻ የሚመስል ነፍሳት ባያችሁ ቁጥር መርዝ ማንሳት ይብቃችሁ። ጠላት እንዳለባችሁ እናውቃለን፦ ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ፔንሲልቬንያ፣ አለንታውን የተገኘው፣ ብርድ ሲመጣ ቤት የሚገባው ገማ ትኋን ቲማቲማችሁን ይመጥጣል። በእርሱ ሰበብ ግን የምድሩን ተወላጅ፣ ትል አድኖ የሚበላውን «እሾሃም ወታደር» ትፈጃላችሁ። ምን በደላችሁ?

ሳትለዩ አትግደሉ። አዳኙ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በሁለቱም ትከሻው ሹል እሾህ፣ በክንፉ ጫፍ ጠቆር ያለ መስመር አለው። መጤው ገዘፍ ይላል፤ ትከሻው ዶልዷማ ነው፤ አንቴናው ላይ ነጭ ቀለበት ይታያል። ትከሻ ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ፤ አዳኙ ተክል የሚመጥጡ ባለ ሹል ትከሻ ዘመዶችም አሉት። ጥርት ባለ ጠርሙስ ያዙትና በሆዱ በኩል አፉን እዩ። የአዳኙ መውጊያ ወፍራም ነው፣ የአንቴናውን እጥፍ ያህል። የተክል መጣጩ ቀጭን ነው።

እንቁላሉም ይለያል። የአዳኙ እንቁላል በክዳኑ ዙሪያ እንደ ሽፋሽፍት የቆሙ ፀጉሮች አሉት፤ አትንኩት። የመጤው ፈዛዛ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፣ ብዙ ጊዜ 28 ሆኖ ከቅጠል ሥር ይለጠፋል፤ እርሱን ፍቃችሁ ሳሙና ውሃ ውስጥ ጣሉ።

የሚያሳዝነው በአዳኙ ግልገሎች ላይ የምትፈጽሙት ነው። ገና ሲፈለፈሉ ቀይና ጥቁር ሆነው ቅጠል ላይ ይከማቻሉ፤ ይህን አይታችሁ «ተባይ ወረረን» ትላላችሁ። በመጀመሪያው ዕድሜያቸው እርጥበት እንጂ ሌላ አይሹም። ቆዳቸውን አንዴ ከቀየሩ በኋላ የጎመኑን አረንጓዴ ትልና የድንች ጥንዚዛውን እጭ ወግተው፣ አደንዝዘው ይመጥጣሉ። አንዳንዴ የተክል ጭማቂ ቢቀምሱም ጉዳት አያደርሱም።

ሰቪን የሚባለውን የነፍሳት መርዝ ዱቄት መነስነስ ተዉ፤ ትሉንም አዳኙንም አንድ ላይ ይጨርሳል። ትል ከበዛባችሁ በእጅ ልቀሙ፤ ካልሆነ ለትል የተዘጋጀውን ቢቲ (ከባክቴሪያ የሚሠራ ፀረ ተባይ)፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቅጠሉ ላይና ሥር ርጩ። ለድንች ጥንዚዛ ግን ይህኛው ቢቲ አይሠራም። ጥቂት ትል ማየትም አያስደንግጣችሁ፤ አደን ካጣ ወታደሩ ይሄዳል፣ ወይም እርስ በርሱ ይበላላል። በመጸው የረገፈውን ቅጠልም ሁሉ ጠርጋችሁ አትጣሉ፤ ክረምቱን የሚያልፈው እዚያ ሥር ነው።