ቅዳሜ ጠዋት ምን ነካችሁ?

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ያገሬ ልጆች፣ በተለይ ቤት ገዝታችሁ የተደላደላችሁ፣ ዛሬ ሳልቆጣችሁ አላድርም።

ሰሞኑን የከተማው ምክር ቤት ቅዳሜ ጠዋት የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ጉዳዩ በታክስ ክሬዲት (ከታክስ በሚቀነስ ሂሳብ) ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሊሠራ የታሰበ የኪራይ ሕንጻ ነው። አንድ ወንድማችን ተነሣና “እንዲህ ያለ ቤት ሲመጣ ሰፈሩ ይበላሻል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል” ብሎ ለተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ሳያልቅ ተቀመጠ። አውቀዋለሁ። እኔና እሱ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለሰባት ተከራይተን፣ የሌሊት ፈረቃው ሲገባ የቀኑ እየተነሣ፣ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ በተራ ተኝተንበታል። ያኔ ሰፈሩን ያበላሸነው እኛ ነበርን?

“ሴክሽን ኤይት (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ነው፣ ነጻ ቤት ነው፣ ሥራ ፈት ይሰበሰብበታል” ትላላችሁ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ! ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ የወጣ የታክስ ሕግ ነው። ክሬዲቱ ለየስቴቱ ይደለደላል፤ እኛ ጋ የሚያከፋፍለው የስቴቱ የቤቶች ድርጅት፣ ቨርጂኒያ ሀውዚንግ ነው። ሕንጻውን የሚሠራው ድርጅት ያገኘውን ክሬዲት ለባንክና ለመሳሰሉት ያስተላልፋል። ባንኩ ጥሬ ገንዘቡን ለግንባታው ያወጣል፤ በምትኩ ክሬዲቱ በ10 ዓመት ውስጥ ከፌዴራል ታክሱ ይቀነስለታል። ሕንጻው ብዙ ዕዳ ስለማይሸከም ኪራዩ ዝቅ ይላል፤ ቢያንስ ለ30 ዓመትም ከተወሰነው ጣሪያ አያልፍም። በቃ ይኸው ነው። ተከራዩ የዚያ የሴክሽን ኤይት ድጎማ ቫውቸር ከሌለው በቀር ሥራ ቢያጣ እንኳ ኪራዩ አይቀነስለትም። ነጻ የምትሉት ይህን ነው?

ማን ይገባበታል? አብዛኛውን ጊዜ ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ ያልበለጠ ሰው። ይህ በ2024 በዋሽንግተን ዙሪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ ወደ 93 ሺህ ዶላር ነበር። እስቲ እሑድ ከቅዳሴ፣ ዓርብ ከጁምዓ ስትወጡ ግራ ቀኛችሁን እዩ። ኤርፖርት ዊልቸር የምትገፋው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ኡበር የሚነዳው፣ አረጋውያን የምታጥበው። የምትፈሩት ሰው አጠገባችሁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስረው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ታክሲ ነጂ አባት ለእንዲህ ያለ ቤት ማመልከቻ ላስሞላ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ደብዳቤ በእንጀራ ፕላስቲክ ጠቅልለው መጡ። የቢሮዋ ልጅ የገቢያቸውን ምንጭ እያንዳንዷን ጠየቀቻቸው። “ልጄ፣ ለቪዛም እንዲህ አልተመረመርኩ” አሉኝ። ተራቸው እስከ ዛሬ አልደረሰም።

የቤት ዋጋ ላላችሁትም፣ በከተማችን ፖቶማክ ያርድ ሰፈር ከእሳት አደጋ ጣቢያው በላይ ከ2009 ጀምሮ ኪራያቸው ዝቅ ያለ 64 አፓርትመንቶች አሉ። ዙሪያውን ታውንሃውስ ስንት እንደሚሸጥ ያንኑ ሪልተራችሁን ጠይቁት። በቦሪጋርድ መንገድ ደግሞ አንድ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ሕንጻውን አፍርሶ በቦታው ኪራያቸው ዝቅ ያለ 113 አፓርትመንቶች እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ለራሱ አነስ ያለ ቤተ ጸሎት አስቀረ። እኛ ለአዳራሽና ለመኪና ማቆሚያ ስንት ጊዜ ገንዘብ አዋጣን? መሬቱንስ ለዚህ እናውለው ብሎ የጠየቀ አለ? (ይህን ሳነሣ የሚከፉብኝ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይክፉ።)

በዚያ የቅዳሜ ስብሰባ ሕንጻውን የሚደግፍ ሐበሻ አንድም አልተናገረም። ቤቱ የሚያስፈልጋቸው ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ናቸው፤ ጊዜ ያላችሁት እናንተ፣ ለመቃወም ትመጣላችሁ ወይም ቤታችሁ ቡና ታፈላላችሁ። ከተማው እኮ ማስታወቂያውን በአማርኛ ሳይቀር ይጽፍልናል፤ አስተርጓሚም አስቀድሞ ለጠየቀ ይፈለግለታል። ከራስ በላይ ንፋስ ካላላችሁ ምን አስቀራችሁ?

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ስሜን ስላላስመዘገብኩ አፌን ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ያ ወንድሜ “ሰላም ነው?” አለኝ፤ “ሰላም” ብዬው አለፍኩ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተመዝግቤያለሁ። እሱም ከተነሣ፣ ከሦስት ደቂቃዬ አንዷን ስለዚያ ፍራሽ አወራባታለሁ።