ገመድ የያዘ ሁሉ ግብር ጣይ አይደለም

«ስታቲስቲክስ ነን እያሉ ማሳ የሚለኩት ግብር ሊቆልሉብን ነው» ላልከው ወንድሜ፣ አንድ እርማት አለኝ።

ስጋቱ ከሰማይ አልወረደም። ጎጃም ቃላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ሲጣልበት ዝም ብሎ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ እነ ሞጣና ቢቸና ሸፍተዋል። አያቶቻችን ገመድ የያዘ ሰው ቢጠሉ አይፈረድባቸውም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ገመድ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚሄደው በናሙና ወደወጡ ጥቂት ገበሬዎች ብቻ ነው። የማሳውን ስፋት ይለካል። ከዚያ ዕጣ የወጣለት ቦታ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይከልላል። ጤፉ ሲደርስ የዚያች ቁራጭ ብቻ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። ብታያት ትስቃለህ፤ ቁና እንኳ አትሞላም! «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» የሚባለው ግን ከእንዲህ ዓይነት ቁራጮች ተሰልቶ ነው። ባለሙያው ጠይቆህ የሰጠኸውን መልስ በስምህ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ደግሞ በሕግ ክልክል ነው።

የመሬት ግብርህ የሚሰላው ቤትህ ባስቀመጥከው የይዞታ ደብተር ላይ በሰፈረው ስፋት ነው። እሱን ደግሞ ቀበሌው ካንተ በፊት ያውቀዋል።