የጂጂ አልበም፣ ወዲህና ወዲያ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር የእኔ እኩያ ሐበሻ ቤት ማጫወቻው ቢጠፋ እንኳ ሲዲ አይጠፋም። እንጀራና በርበሬ ከምንገዛበት ሱቅ፣ ሂሳብ መክፈያው ጎን ተደርድረው ዓይናችን እየገባ የገዛናቸው ናቸው። እኔም ካከማቸኋቸው አብዛኞቹን ዛሬ በነፃ ብሰጥ የሚወስዳቸው አላገኝም። አንዱን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም፤ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ ያወጣችውን አልበም።

አልበሙን ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው። የኩባንያው መሥራች ክሪስ ብላክዌል ቀደም ሲል የቦብ ማርሌን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰ ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ሲሆን፣ ከአጃቢዎቹ መካከል ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ይገኛሉ። የጃዝ ወዳጅ እነዚህን ሦስት ስሞች ሲሰማ ከመቀመጫው ይነሣል። እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን አናውቃቸውም ነበር።

በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ አንድ ደንበኛ ነበሩ፣ ሸበቶ ጥቁር አሜሪካዊ። ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ አይተው አነሡና ከውስጡ ያለውን ወረቀት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የዘፋኟን ስም አልፈው ዌይን ሾርተር ላይ ሲደርሱ ጮኹ። «ይህች ልጅ እነዚህን ሰዎች እንዴት አገኘቻቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እነሱ ናቸው ያገኟት ብዬ መለስኩላቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

አገር ቤት በነበሩ ዘመዶቼ ዘንድ ግምገማው ሌላ ነበር። አንዱ በስልክ «ድምጿ የእኛ ነው፣ ሙዚቃው ግን ፈረንጅ በዝቶበታል» ብሎኝ ነበር። ይህ ሰው አልተሳሳተም ማለት ይቸግረኛል። ልጅቷ የጎጃም ቻግኒ ተወላጅ ናት፤ ናይሮቢ ኖራ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻግራ ነው ኒው ዮርክ የደረሰችው። «ባለ ዋሽንቱ»ን የሚያዳምጥ ሰው እረኛው ከጎጃም እንዳልወጣ ይሰማዋል፤ ከሥሩ የሚያንጎራጉረው ቤዝ ጊታር እረኛውን አላባረረውም። «ካህን»ም ቢሆን የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ አልለቀቀም። እንግዳው ሙዚቃ ቤቱን አልወረሰም፤ ምንጣፍ ተነጥፎለት ተቀመጠ እንጂ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አልበሙ በሁለቱ አገሮች የኖረው የተለያየ ኑሮ ነው። እዚህ የምንሰማው ከ«ጉድ ፈላ» ጀምረን በቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው ነው። ለብቻችን ነው፤ ወይ መኪና ውስጥ፣ ወይ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ፤ የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው፣ ድምፅ ከፍ ያደረገ ተከራይ በማግስቱ በሩ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተለጥፎ ያገኛል። አገር ቤት ሙዚቃ የሚሰማው ታክሲ ውስጥ፣ የጎረቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከሱቅ ደጃፍ ነው፤ አልሰማም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አልበሙ እዚያ ሙሉ ሆኖ አልቀረም። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱን ቀን አግኝቶ ሄደ።

«አድዋ» የካቲት 23ን ወሰደው። ከ1888ቱ ድል ጋር ስሙ የተያያዘ ዘፈን ብዙ አለን፤ እሷ ግን አልፎከረችም፣ በዝግታ አመሰገነች። ዛሬ በዓሉ ያለ እሷ ድምፅ አይከበርም ማለት ይቻላል። «ዓባይ» ደግሞ የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲቀመጥ፣ ከተዘፈነ ዓመታት አልፈውት ነበር። ስለ ወንዙ ውበት የተዘፈነው ዘፈን ስለ ሲሚንቶና ስለ ቦንድ የተዘፈነ እስኪመስል ድረስ ቴሌቪዥኑ ደጋገመው። ቅሬታ የለኝም፤ ሆኖም «ናፈቀኝ»ና «ዞማዬ» ምን በደሉ እላለሁ። በዓል የላቸውምና አስታዋሽ አጡ።

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ መገናኛ አካባቢ ለስልክና ለፍላሽ ሙዚቃ ከሚጭኑ ልጆች አንዱን አልበሙን ሙሉውን ጫንልኝ አልኩት።

«አድዋን ነው ዓባይን፣ ጋሼ?»

«ሁሉንም።»

ኮምፒውተሩን ፈታተሸ። «አድዋ» ‹የበዓል› በተባለ ማኅደር፣ «ዓባይ» ‹የግድብ› በተባለ ማኅደር ውስጥ ተገኙ፤ የቀሩት አልነበሩትም። ከሲዲው ወደ ስልኬ የገለበጥኩት ስለነበረ ገልብጥ ብዬ ሰጠሁት። ከ«ጉራማይሌ» መጀመሪያ ትንሽ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ በመንገዱ የምታልፍ ሴትም ቆም ብላ አየችን። ከዚያ ‹ቆየት ያሉ› የሚል አዲስ ማኅደር ከፍቶ የቀሩትን እዚያ አስገባቸው። ሁሉንም በአልበሙ ስም አንድ ላይ አስቀምጣቸው ብዬ ተከራከርኩት።

«በአልበም ስም የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለና ሂሳብ ሊቀበለኝ እምቢ አለ፤ የሰጠሁት ከወሰድኩት ይበልጣል ብሎ።