ከበሮውን ሲሰማ ተነሣ
ሙዚቃን በቡድን መጫወት ለአእምሮ ሕሙማን ይጠቅማል የሚለውን ጽሑፋችሁን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ አነበብኩት። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒቱ የሚሰማቸውን ድምፆች ጋብ አድርጎለታል፤ ዝምታውንና ከሰው መሸሹን ግን አልነካውም። ባለፈው ጥምቀት ጎረቤቶች ግቢያችን ውስጥ ከበሮ ሲመቱ ከጥጉ ተነሥቶ መጣ። መጀመሪያ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፤ ቀጥሎ እያጨበጨበ አዝማቹን ተቀበለ። ለወራት ድምፁን አልሰማንም ነበር! እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማም 18 ጥናቶችን መርምሮ፣ የሙዚቃ ሕክምና ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲታከል እንዲህ ያለውን ዝምታና ከሰው መራቅ ሊያሻሽል እንደሚችል አመልክቷል። ሲታከል እንጂ ሲተካ አይደለም፤ «ክኒኑን ጣለው» የሚሉት ዘመዶቼ ይህችን ያንብቡልኝ። ማሲንቆና ክራር በማይጠፋበት ከተማ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሕሙማንን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ክብ ሠርቶ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?