ማስተካከያ፦ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ኪፕ3 ብቻውን ነው

ካንዲዳ አልቢካንስ ስለተባለው በሽታ አምጪ ፈንገስ ሞተር ፕሮቲን፣ ስለ ኪፕ3፣ ባወጣነው ጽሑፍ የክሪስታል ምስሉ ፕሮቲኑን ማይክሮቲዩቡል በሚባለው የሴል ቱቦ ላይ ሲራመድ ያሳያል ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የ2.0 አንግስትሮም ጥራት ያለው የክሪስታል ምስል የሚያሳየው ከቱቦው የተነጠለውን ሞተር ነው። የያዘውም እንደጻፍነው የሴል ጉልበት ምንጭ የሆነውን ኤቲፒን ሳይሆን ጉልበቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ኤዲፒን ነው። ቱቦውን እንደጨበጠ የታየው ናሙናን አቀዝቅዞ በሚያሳየው ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኪፕ3 ቀጥ ባለው ቱቦ ላይ ይራመዳል፣ የጎበጠው ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያፈርሰዋል። ሁለቱን ሥራ የሚያፈራርቀው ሉፕ-2 የተባለው ረዘም ያለ ክፍሉ ቱቦው የተሠራበትን ፕሮቲን፣ ቱቡሊንን፣ የሚነካበት መንገድ ነው፤ ቱቡሊን በሌለበት ክሪስታል ይህ ንክኪ አይታይም።