ባጃጅ ስለሳላችሁበት አዲስ ጌም አይሆንም

ወገን፣ እኔ ደክሞኛል። «በሀገር ልጆች የተሰራ አዲስ ጌም» የሚል ፖስት ባየሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ አወርዳለሁ፣ ዳታዬን ጨርሼም ቢሆን። ስከፍተው አንድ ልጅ ይሮጣል፣ ሳንቲም ይለቅማል፣ እንቅፋት ይዘላል። ያው የምናውቀው ሰብዌይ ሰርፈርስ ነው! የዚያኛው ባቡር እዚህ ባጃጅ ሆኗል፣ ከኋላ ማሲንቆ ይሰማል፣ በቃ። ሕጉ የሰው፣ ቀለሙ የኛ።

ልጆቹ ችሎታ አጥተው አይደለም። ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል። የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። አንድ ውድድር ላይ ሐሳብ ይዤ ቀርቤ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር «እንደ የትኛው ጌም ነው?» ተባልኩ። እንደ የትኛውም አይደለም ስል የሰዎቹ ፊት ቀዘቀዘ። ያለፉት እነማን መሰሏችሁ? «እንደ እገሌ ጌም ነው፣ ግን በሐበሻ» ያሉት። እንዲህ እየመረጥን ታዲያ አዲስ ነገር ከየት ይምጣ?

ቀላል ጌም የሚኖረው በሕጉ ነው። ፍላፒ በርድ የሚባለውን የስልክ ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዶንግ ንጉየን የሚባል ቬትናማዊ ነው፣ ብቻውን። ስክሪኑን ስትነካ ወፏ ብድግ ትላለች፣ ካልነካህ ትወድቃለች። ዓለም ያበደው በዚህች አንድ ሕግ ነው፣ ወፏ ቆንጆ ስለሆነች አይደለም።

እኛ ደግሞ ሕግ ሞልቶናል፣ በየቀኑ እንሳፈርበታለን። ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ሲሰበሰብ አስተውሉ። ከፊት ያለችው መቶ ትሰጣለች፣ አጠገቧ ያለው ሁለት መቶ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሃምሳ ሃምሳ። ረዳቱ እጅ ላይ ዝርዝር የለም። ዞር ይልና «እናንተ አንድ ላይ ናችሁ የምትወርዱት? ይቺን ተካፈሉ» ይላል፤ አንደኛው «ኧረ እኔ ከሱ በፊት ወራጅ ነኝ» ሲል ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል፣ እንደገና ሌላ ሁለት ሰው ማጣመር አለበት፣ መኪናው ደግሞ አይቆምለትም። ይሄ እኮ ያለቀለት ጌም ነው! ከአራት ኪሎ ተነስተህ በቀበና፣ በሾላ አድርገህ መገናኛ ትገባለህ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ መውረጃ አለው፣ መልስ አለው። አንተ እጅ ላይ ጥቂት ኖቶች አሉ። አንድ ቦታ የሚወርዱትን እያጣመርክ ታካፍላለህ። መልሱን ሳያገኝ ፌርማታው የደረሰ ሰው ካለ ተሸነፍክ። ሰዓት ቆጣሪ እንኳን አያስፈልገውም፣ መንገዱ ራሱ ሰዓት ነው። ደረጃው ሲጨምር በየፌርማታው አዲስ ሰው ይገባል፣ የሚገባውም ሁሉ ሁለት መቶ ብር ይዞ ነው።

የቃላት ጌምም እንደዚሁ ነው። ዎርድል፣ የተደበቀ ቃል እየገመትክ የምትፈልግበት፣ የገመትካቸው ፊደላት ትክክል መሆን አለመሆናቸው በቀለም የሚነገርህ ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣ ወዲህ ስንቱ ቋንቋ የራሱን ሠራ። ግን የላቲኑን ሕግ እንዳለ ብንገለብጠው የኛን ፊደል ያባክነዋል። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው። እኔ «ሰ» ብዬ ገምቼ መልሱ «ሱ» ቢሆን ጨርሶ ተሳስቻለሁ? አልተሳሳትኩም፣ ቤቱን አግኝቼ ድምፁን ነው የሳትኩት። ስለዚህ ለዚያ የራሱ ቀለም ይሰጠው። ይህን የሚያስፈልገው እንደኛ ያለ ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም የለውም።

እንቆቅልሽም አለላችሁ። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል። ካርታ አስቀምጡና በሁለት ስልክ አጫውቱት፤ ጎንደርን የሰጠ ሰው ቀጣዩን እንቆቅልሽ አውቆ ያስመልሳት። ሕጉን አያቶቻችን ጨርሰውልናል።

«ግራፊክስ የሚሰራ የለም፣ በጀት የለም» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ፣ አውቃለሁ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ከላይ የሚወርዱ ጡቦች የሚደረደሩበትን ጌም፣ ቴትሪስን፣ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት የማይችል ነበር። ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ነው የሠራቸው። የሚኒባሱንም ጌም በክብና በቁጥር ብቻ ጀምሩት፤ አሥራ ሁለት ክብ፣ በእያንዳንዱ ላይ የፌርማታ ስም፣ ከታች አምስት ኖት። ባጃጁን በኋላ ትስላላችሁ።